መርዶ በደብዳቤ

የካ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተማሪዬም ለልጄም ለዳርቱ ዱሬሳ፣
ማጂ።

አንቺንም፣ ዘጠና አራቱን ተማሪዎችሽንም፣ ያንን የማይደርቅ ጭቃችሁንም እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬም ቢሆን መስማት የማይገባኝን ስለማያሰማኝ አልተቀየምኩትም።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። መነጽሬን ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ውዬ በመጨረሻ ተቀመጥኩበት። አሁን አንዱን እግሩን በክር አስሬ ነው የምጽፍልሽ።

ዳንኤል ሾፌሩ የመዝገበ ቃላታችንን ካርዶች በደህና አድርሶልኛል። ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ሥራሽ ግን አናደደኝ። ሉስ ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ላላ» ብለሽ ጽፈሽ በቃ አልሽ! ኧረ ባክሽ! ለዚህ ነው እንዴ ኮተቤ አራት ዓመት ያስተማርኩሽ? ገመድ ብቻ ነው የሚላላው? ሕፃን ልጅ ሊወልቅ የደረሰ ጥርሱን በምላሱ ሲገፋው ሉስ ነው። ሰንሰለቱን በጥሶ መንደር የሚያሸብር ውሻ ሉስ ነው። የሰፋ ሸሚዝ፣ እፍ ቢሉት የሚበተን አፈር፣ ወረቀት ያልተጠቀለለበት ሻይ ቅጠል፣ ምሥጢር የማይቋጥር አፍ፣ ቃል በቃል ያልሆነ ትርጉም፣ ሁሉም ሉስ ነው። ስለ ሴት የሚሉትንም አንድ መስመር ስጪው። ወንዱን ለምን እንደማይሉት ግን እንግሊዞቹ ይጠየቁ።

ደንባችንን አትርሺ። ከሰው አፍ ያልሰማነውን ትርጉም ካርድ ላይ አናሰፍርም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን መዝገበ ቃላት የሠራሁት እንደዚያ ነው። እሑድ ዕለት አባትሽን «በሬ ከቀንበር ሲለቀቅ ምን ትላላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እፎይ አለ እንላለን» አለኝ። ስቄ ልሞት! ጽፌዋለሁ።

ስለ አባትሽ ሳል የጠየቅሽው፣ ሳሉ እንዳለ ነው። ከእንጦጦ እስከ እኔ ቤት በእግሩ ወርዷል፤ ለዕድሜው ይበቃዋል። እንደ ልማዳችን እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ፤ በኦሮምኛ «የኔ» የሚልበትን «ኮ» እንዳለ ትቼዋለሁ። እነሆ፦

«ዳርቱ ኮ፣ ደህና ነኝ። ዝናቡ ወጥቷል። ላሚቱ ወለደች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ብርድ ልብስ ደርቢ። መምህሩ ብዙ ይጽፋል፤ እኔ ይኸው ይበቃኛል።»

ከታች ያለው የአውራ ጣቱ ማኅተም ነው። መጥረቢያ የሰነጠቀው ጠባሳ መሐሉን አቋርጦ ስለሚታይ «የኔን ጣት ሌባ አይሰርቀውም» እያለ ይኮራበታል።

መምህርሽ አካሉ


ማጂ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሽ አካሉ፣

እንደምን ከረሙልኝ? መነጽርዎ ዳነ? ስድብዎ በሰላም ደርሶኛል፤ ናፍቆኝ ነበር።

እዚህ ስልኬ ሰዓት ማያ ሆኗል። ኔትወርክ ቢገኝም ለእርስዎ ጆሮ አይሆንም፤ አባዬ ደግሞ ስልክ ሲይዝ ይጮኽና ይዘጋዋል። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ያለኝ ነገር የዳንኤል አይሱዙ የሚያመጣው ወረቀት ብቻ ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱን መስመር ሃያ ጊዜ የማነበው።

ሉስን እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ፤ ሰባት ትርጉም ደርሻለሁ። የሰጡኝ ትልቁ መዝገበ ቃላት ላይ ምንጩን አገኘሁት። ለካ የእንግሊዞች አይደለም! ከሰሜን በመርከብ የመጡ ወራሪዎች ናቸው ጥለውላቸው የሄዱት። ግሪኮች «መፍታት» ከሚሉት ጋር ሥሩ አንድ ነው። እኛ የምንፈራው አናሊሲስ የሚባለው ቃል እንኳ ፈትቶ መበተን ማለት ነው። የገረመኝ ደግሞ እንግሊዞች በቃል መጨረሻ ላይ የሚቀጥሏት «ሌስ» የምትባል ጭራ እህቱ ናት። ቤት የሌለው፣ እናት የሌለው፣ አባት የሌለው ሲሉ ያቺው ናት። የተፈታና ያጣ ለእነሱ አንድ ቤት ነው ያደጉት። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው በሩን በሩን ያዩ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ጋሼ፣ አሁን ቁም ነገር። ከሦስት ወር በፊት አባዬ አሥር መስመር ያስጽፍ ነበር፤ አሁን አምስት ሆነ። «ሳሉ እንዳለ ነው» ያሉኝም አልገባኝም። እንዳለ ማለት ምን ማለት ነው? እናቴን ያጣኋት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው፤ ሲቀብሯት ጎረቤት ቤት ደብቀውኝ አላየኋትም። አባዬን እንደዚያ እንዳላጣው እፈራለሁ። ሌላ ምንም አልፈራም፤ እሱን ብቻ። ከፋ ካሉኝ ትምህርቱን ጥዬ ነገ እነሣለሁ፤ በአራት ቀን የካ እገባለሁ። ካልከፋ ጥር ላይ አሥር ቀን ዕረፍት አለን።

እርስዎ ዋሽተውኝ አያውቁም። አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ፤ ነይ ወይም አትምጪ።

ልጅዎ ዳርቱ


የካ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳርቱ፣

አትምጪ።

አንድ ቃል ብቻ ስላልሽኝ አስቀድሜ ጻፍኩልሽ። አሁን ደግሞ በደንቡ ልጀምር። እንደምን ሰነበትሽልኝ? የማጂ ብርድ፣ የማጂ ጭቃ እንዴት ይዞሻል?

አባትሽን ትንሽ አሞት ነበር፤ አልደብቅሽም። ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ተኝቶ ወጣ፤ ተሽሎታል። አሁን እኔ ቤት ነው ያለው፤ ዳገቱን እስኪችል ድረስ ብለን ነው። ገንፎ በልቷል። እኔንም ሰድቦኛል፤ ከዚህ በላይ የጤና ምልክት ምን አለ? አጎትሽ ጎበና በየቀኑ ይመጣል። ስለዚህ ሥራሽን ሥሪ። ጥር ላይ ተረጋግተሽ ትመጫለሽ።

የቃሉን የዘር ሐረግ መቁጠርሽ ደስ አሰኝቶኛል። ጎበዝ! ግን ጭራይቱን ለብቻዋ ካርድ ስጫት፤ ከወንድሟ ጋር አታጣብቂያት። አፈርን በተመለከተ የተክል ሻጯን ጠየቅኋት፤ «ፍርፍር ያለ አፈር» አለችኝ። ያምራል፤ ያዢው።

አባትሽ እንዲህ ይልሻል፦ «ዳርቱ ኮ፣ ደህና ነኝ። አታስቢ።»

ማኅተሙ የተድበሰበሰው ከብርዱ የተነሣ እጁ ስለተንቀጠቀጠ ነው።

አካሉ


የካ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳርቱ፣

ይህን ደብዳቤ አልልከውም። ስጨርሰው ከካርዶቹ ሣጥን ሥር አስገባዋለሁ። ግን ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

አባትሽ ማክሰኞ ሞተ። ረቡዕ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቀበርነው። ብዙ ሰው ወጣለት፤ አንቺ ብቻ አልነበርሽም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጎበና ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። እኔ ጻፍ ይሉኛል ብዬ ብዕሬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። «መርዶ በወረቀት አይነገርም» አለ። «ዘመድ በሌለበት አገር ብቻዋን አንብባ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? አርባው ሲወጣ እኔ ራሴ ሄጄ በማለዳ አረዳታለሁ። እስከዚያ ድረስ መምህር፣ እርስዎ እንደ ወትሮዎ ይጻፉላት። ደብዳቤው ከቀረ ትጠረጥራለች።» ሽማግሌዎቹ ሁሉ ልክ ነው አሉ። ዳንኤል ሾፌሩም ትንፍሽ እንዳይል አስማሉት። እኔም ልክ ነው አልኩ። ደንባችን ነው፤ ሰው ይከበባል፣ ይያዛል፣ ከዚያ ይረዳል። አባቴ ሲሞት እኔንም እንደዚያ ነው ያረዱኝ፤ ክፉ ነገር አልነበረም።

ግን «እንደ ወትሮዎ» አሉኝ! እንደ ወትሮዬ ማለት እኮ ሁለት ሰው ሆኜ መጻፍ ነው።

ከሐኪም ቤት ሲወጣ «ልጄ ሥራዋን እንዳትጥል፣ እንዳትነግራት» ብሎ በኪዳነ ምሕረት አስምሎኛል። ስለዚህ አትምጪ አልኩሽ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ያ ደብዳቤ ታኅሣሥ 4 ደርሶሻል። ነይ የሚል ቢሆን ኖሮ ታኅሣሥ 8 እዚህ ነበርሽ። ሰባት ቀን ከአባትሽ ጋር ትቀመጪ ነበር። ሰባት ቀን ሙሉ! እናቴን አላየኋትም ብለሽ ጽፈሽልኛል። አንብቤዋለሁ እኮ። አንብቤው ነው ይህን ያደረግሁት።


የካ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ዳርቱ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

የጥርን ዕረፍት በተመለከተ፣ ትምህርት ቤታችሁ የሚሰጠውን ሥልጠና ብትወስጂ ይሻላል ብለን መክረናል። መንገዱም ረጅም ነው። አባትሽም «ለፋሲካ ትምጣ» ብሏል። ሰላምታውን እነሆ፦

«ዳርቱ ኮ፣ ደህና ነኝ። ጥጃዋ አድጋለች። ሥልጠናውን ውሰጂ።»

የማኅተሙ ቀለም ስለደረቀ ጣቱ አልተጫነም። ሌላ እስክገዛ ታገሺኝ።

ስለ ሉስ ዛሬ የምለው የለኝም።

አካሉ


ማጂ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ አካሉ፣

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎ እንዲህ አጭር ሆኖ አያውቅም፤ አሞዎት እንዳይሆን። ሶሪ፣ እኔ ደግሞ እንደ ጎርፍ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሥራው። ሉስ አሥር ትርጉም ሞላ! አሥራ አንደኛው ግን ደንባችንን ሊያስጥሰን ነው። ሰሜኖቹ ከመምጣታቸው በፊት እንግሊዞች የራሳቸው ወንድም ቃል ነበራቸው፤ በኋላ ሞተ። እሱ ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛ የሌለው፣ ባዶ የሆነ፤ ሁለተኛ ውሸተኛ። ጭራይቱም የዚያ የሞተው ቃል ትራፊ ናት። ከሰው አፍ ካልሰማን አንጽፍም ይላሉ፤ ይህንን ከማን አፍ እንስማ? ካርዱን ይዤ እጠብቅዎታለሁ።

አሁን የሚቀጥለውን ለአባዬ ቀስ ብለው ያንብቡለት፤ እርስዎ ግን እንዳይስቁ።

አባዬ፣ እንድርያስ የሚባል የሒሳብ መምህር አለ። ሁለት ዓመት ሆነን። ሰው አክባሪ ነው፤ ብዙ አያወራም፤ አንተን ይመስላል። ሽማግሌ ልላክ ብሎኛል። እኔ ግን መጀመሪያ ያንተን ቃል ሳልሰማ ማንም ደጅህን እንዲረግጥ አልፈልግም። ሽማግሌው ለክረምት ይደርሳል። አንተ እሺ ካልክ ግን ጾሙ ሳይገባ እዚህ መምህራኑ ፊት ቀለበት እናስራለን። እምቢ ካልክም እምቢታህን እቀበላለሁ፤ አልቀየምህም። አባቴ፣ ያለ አንተ ምርቃት አንድ እርምጃ አልሄድም።

ጋሼ፣ ቀለም ከሌለ በከሰል ይጫንልኝ። ጣቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ዳርቱ


የካ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳርቱ፣

እልል! እንኳን ደስ አለሽ። ይህንን ዜና ስሰማ ሽማግሌው ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

ለአባትሽ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ከዚያ ጻፍ አለኝ፦

«ዳርቱ ኮ፣ ልጄ፣ እሺ ብያለሁ። ያየሽው ሰው ከሆነ ለኔም ልጄ ነው። እናትሽ ብትኖር እንደኔው ትላለች። እንጦጦ ላይ ያሳደገሽ አምላክ በሄድሽበት ይከተልሽ። ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ። እጃችሁ የነካው ይባረክ። ክፉ አይድረስባችሁ። ያጣሁትን ሁሉ አንቺ አግኚው። ጎጆሽ ይሙቅ፣ ደጅሽ በሰው ይሙላ። ብታጡም ብታገኙም አትለያዩ። እኔን አታስቢ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።»

አዲስ ቀለም ገዝቻለሁ። ማኅተሙ ከታች አለ።

አካሉ


ማጂ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ አካሉ፣

ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም።

አጎቴ ጎበና ከአንድ ሽማግሌ ጋር እዚህ የደረሰው የካቲት 15 ቅዳሜ ማለዳ ነው። እንደ ደንቡ፣ ሰው ሳይነቃ ሊያረዳኝ። እኛ ግን ነቅተን ነበር፤ የቀለበቱ ቀን ነበር። ዳስ ተጥሏል፤ መምህራኑ ወንበር ያመጣሉ፤ ከበሮው ወጥቷል። ጎበና በሩን ከፍቶ ሲገባ ሴቶቹ «የሙሽሪት ዘመድ ከአዲስ አበባ መጣ!» ብለው እልል አሉ። እኔም ሮጬ ተጠመጠምኩበት። እሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ማን ፈቅዶልሽ ነው የምትደግሺው?» አለኝ። «አባዬ መርቆኝ ነው» አልኩት። ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠሁት። ሽማግሌው ተቀብሎ አነበበው፤ ቀኑንም አየ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። ከበሮው ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ ይላሉ።

አባቴ በተቀበረ በሁለት ወሩ ዳስ ጥዬ ተገኘሁ። አገር የምሬን እንዳላወቅሁ ይገባዋል። ለኔ ለራሴ ግን አልተዋጠልኝም።

ምክንያቱም ጣቱን አይቻለሁ። ደብዳቤውን የከፈትኩ ቀን ነው ያየሁት። ጠባሳው የለም። አባዬ በዕድሜው ከአሥር መስመር በላይ አስጽፎ የማያውቅ ሰው ያንን ሁሉ መረቀኝ። አየሁና «ቀለሙ በዝቶ ነው» አልኩ። «ደስ ብሎት ነው ያስረዘመው» አልኩ። ምርቃቱን ፈልጌው ስለነበር ወረቀቱን አጣጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት። እርስዎ ዋሹኝ፤ እኔም አገዝኩዎት።

ከጎበና ጋር አዲስ አበባ መጥቼ ነበር። መቃብሩ ላይ አምስት ቀን ተቀምጬ ተመለስኩ። ስወጣም ስወርድም በአጥርዎ በኩል አለፍኩ፤ አላንኳኳሁም።

ቀለበቱን ለእንድርያስ መልሻለሁ። እሱን ባየሁ ቁጥር ያ እልልታ ይሰማኛል። ምስኪኑ ምን አጠፋ? ምንም።

የሉስን ካርዶች ዳንኤል ይዞልዎታል። አሥራ አንደኛውን ጽፌዋለሁ። ከዚህ በኋላ ለመዝገበ ቃላቱ አንዲት ፊደል አልጽፍም።

አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ጎበና «መጨረሻው ላይ አጠገቡ መምህሩ ነበሩ፤ እኔ ገባ ወጣ እል ነበር» አለኝ። ሲሞት ጠርቶኝ ነበር? እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም። እውነቱን ብቻ።

ዳርቱ


የካ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳርቱ፣

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ልክ አለው። የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ።

ስትወጪና ስትወርጂ አይቼሻለሁ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አንኳኪ፣ አንኳኪ እያልኩ አምስት ቀን ዋልኩ። ካንኳኳሽ ደግሞ ምን ብዬ እንደምከፍት አላውቅም ነበር።

ጣቱ የኔ ነው። ምርቃቱም የኔ ነው። መርዶው ሳይደርስባት አንድ ደስታ ይኑራት ብዬ ነው። ጎበና ከአርባው ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ መነሣቱን ሰምቼ ነበር፤ ድግሱ በዚያው ቀን ይውላል ብዬ ግን አላሰብኩም። ካርዶቹ ደርሰውኛል፤ አልከፈትኳቸውም። የቀረውንም አልሠራውም። ሃያ ሦስት ዓመት የሰው አፍ ስለቅም ኖሬ፣ የሞተ ሰው አፍ ሆኜ መጻፌ ይበቃኛል።

አዎ፣ ጠርቶሻል።

መሐላ አስምሎኝ ነበር፤ እውነት ነው። አትምጪ የሚለውን የጻፍኩልሽ ኅዳር 24 ነው። በማግሥቱ ጠዋት ግን አባትሽ ጠራኝ። «መሐላውን ፈትቼልሃለሁ። ጻፍላት፣ ትምጣ» አለኝ። ደብዳቤው ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ዳንኤል የሚነሣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቀድጄ ሌላ መጻፍ እችል ነበር። ወረቀትም አወጣሁ። «ተሽሎታል» ብዬ የፈረምኩበትን ደብዳቤ አየሁት። አልደብቅሽም ብዬሻለሁ፤ ደብቄሻለሁ። ዋሽተውኝ አያውቁም ብለሽኛል። ከሐኪም ቤት ያወጡት ተስፋ ቆርጠው እንደሆነ ብጽፍልሽ ውሸቴ ይገለጣል ብዬ አፈርኩ። አፈርኩ፣ ዳርቱ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ለጥር ይደርሳል፣ ያኔ ራሷ ታየዋለች አልኩና ደብዳቤውን ለዳንኤል ሰጠሁት።

«ጻፍክላት?» አለኝ። «ጻፍኩላት» አልኩት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይጠይቀኝ ጀመር። ደብዳቤው ደርሷታል አልኩት። ተነሥታለች አልኩት። ሚዛን ገብታለች፣ ቦንጋ አድራለች፣ ጅማ ላይ መኪና ተበላሽቶባት ነው አልኩት። አንድም ቀን አልተጠራጠረኝም። «መምህር ነው፣ ያውቃል» ይለው ነበር ለጎበና፤ ጎበና ግን በሽተኛ ለማጽናናት የምለው መስሎት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት «ዛሬስ የት ደረሰች?» አለኝ። ቀኑን እንደማያመሸው አይቼ ነበር። «መገናኛ ወርዳለች፤ ታክሲ ይዛ እየመጣች ነው» አልኩት። ደስ አለው። ፊቴን እጠቡኝ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሱኝ አለ። አለበስነው። በሩን ክፈቱት አለ፤ ከፈትነው። በሩ ክፍት እንደሆነ ቀትር ላይ ሞተ።

አካሉ